አማቼ ያነበበው የደም ምርመራ

የሚስቴ ወንድም በከተማችን መርካቶ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው። ነጭ ጋውኑን ምሳ ሲበላ እንኳ አያወልቅም። ከገጠር የመጣ ገበሬ «ዶክተር» ሲለው አንድም ቀን አርሞ አያውቅም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የደም ውጤቴን ይዤ ወደ እሱ መሄዴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን «ያልገባችሁን ከሚያውቅ ጠይቁ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ሽንቴ ማቃጠል ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ስልሳ የሞላው ወንድ ከፊኛ ሥር ላለው የፕሮስቴት ዕጢ ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል ሲባል ስለሰማሁ፣ ሐኪም ሳያዘኝ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለ ላቦራቶሪ ገብቼ ደም ሰጠሁ። ወረቀቱ ሰባት ይላል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ከአራት በታች መሆን እንዳለበት ተጽፏል።

አማቼ ወረቀቱን እንደ ራጅ ወደ አምፖሉ አንስቶ አየው።

«ካንሰር ነው» አለ። ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«በዚህ ብቻ ይታወቃል?»

«ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

አመንኩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እሱ ግን አጋሮ በኩል ስላለችው የቡና ማሳችን ማውራት ጀመረ፤ ነገር በደህና ቀን ቢቋጭ ጥሩ ነው፣ እህቱ ብቻዋን ስትቀር ማሳዋን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል፣ ኑዛዜ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ሚስቴ ያቀረበችውን ቆሎ ከፊታቸው አነሣች። «ባሌ እኮ እዚህ ቁጭ ብሏል» አለችው። «ማንን ነው የምትወርሰው?»

በማግስቱ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ የተማሪዎቼን ልጆች የምታክል ወጣት ናት። ቁጥሩን አየት አድርጋ አስቀመጠችውና ያቃጥልዎታል ወይ፣ ያተኩስዎታል ወይ እያለች ጠየቀችኝ። ሽንቴን አስመረመረች፤ በጣቷም በኋላዬ በኩል ዕጢውን መረመረችኝ። እኔ አፈርኩ፣ እሷ አላፈረችም።

«አባቴ፣ ይህ ምርመራ ካንሰርን አያይም» አለችኝ። «ፕሮስቴት የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ነው የሚለካው። ዕጢው በዕድሜ ሲያድግ ይጨምራል፤ ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል፤ በካንሰርም ሊጨምር ይችላል። የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። ዝቅ ብሎ እያለም ካንሰር የሚገኝበት ሰው አለ። እርስዎ አሁን ኢንፌክሽን አለብዎት። እሱን እናክምና ከሁለት ወር በኋላ ደግመን እንለካለን።»

«እስከዚያ ኑዛዜ ልጻፍ?»

«ከፈለጉ ይጻፉ። በዚህ ወረቀት ምክንያት ግን አይጻፉ።»

ሁለቱ ወር ረጅም ነበር። አማቼ ለከተማው ሁሉ አውርቶ ኖሮ፣ መንገድ ላይ የማገኛቸው ሰዎች እጄን ጨብጠው ቶሎ አይለቁኝም። ምርመራው ሲደገም ቁጥሩ ሦስት ሆነ። ዶክተሯ ግን እንኳን ደስ አለዎት አላለችኝም፤ በዓመቱ ተመልሰው ይምጡ ነው ያለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አማቼ በእሱ መድኃኒት እንደዳንኩ ለደንበኞቹ እንደሚናገር ሰማሁ። ከእሱ አንዲት ክኒን አልወሰድኩም። ልሰድበው ሄድኩ። ሚስቱ ለሚስቴ በምስጢር የነገረቻት ነገር ትዝ አለኝና ስድቡን ተውኩት፤ እሱም ሽንቱ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ወራት አልፈዋል።

«አንተስ ተመርምረሃል?» አልኩት፣ በሰው ፊት።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠበቀና፣ «ከፍ ቢልስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከፍ ማለቱ ብቻ ካንሰር ማለት እንዳልሆነ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገርኩትም። የዶክተሯን ክፍል ቁጥር ብቻ ነግሬው ወጣሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። የቀረውን ሚስቴ ናት ማታውኑ ደውላ ያስረዳችው። እሷ ከእኔ ትሻላለች።

ሄዶ ተመርምሯል አሉ። ውጤቱን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት።