«ገና ነው» ያልኩበት ጧት

በዚያ ጧት ቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አያ ይመር አጎዛው ላይ በሆዳቸው ተኝተው። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም በራስጌያቸው ተንበርክከው። የአያ ይመር ታናሽ ወንድም እንድሪስ ሁለት እጆቻቸውን ይዞ። ጓደኛዬ ሙሉጌታ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ አያ ይመር ወገብ ላይ የቆምኩት። ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።

እኔ በእግሬ ነው የተወለድኩት። በእኛ አገር በእግሩ የተወለደ ሰው ወገብ ሲረግጥ ሕመም ይነቅላል ይባላል፤ ስለዚህ መካነ ሰላም ዙሪያ ወገቡን የታመመ ሁሉ ያስጠራኛል። በልማድ ብቻ ግን አልረካሁም። ስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ የጀርባ አጥንት በደብተር እየሳልኩ ራሴን አስተማርኩ። የወገብ አጥንቶች አምስት እንደሆኑ አውቃለሁ። ሕመሙ እየነዘረ ወደ እግሩ የሚወርድበት ሰው ፈጽሞ መረገጥ እንደሌለበትም አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ረገጣው አንድ ሕግ አለው። የሚረገጠው ሰው መጮኹ አይቀርም፤ ሲጮኽ «ሕመሙ እየወጣ ነው» ይባላል። ያዦቹ እሱ «በቃኝ» ስላለ አይለቁትም። የሚለቁት ረጋጩ «በቃ» ሲል ነው። ያቺ ቃል የእኔ ብቻ ነበረች።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አያ ይመር አባቴን መቱት። ጠቡ በድንበር ድንጋይ ነበር። በሽመል መቱት፤ አንዴ ትከሻውን፣ አንዴ ክንዱን፣ ሦስተኛው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። አባቴ ትልሙ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ዓይኑ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። አይቻለሁ። አበጋሮች፣ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ገብተው አስታረቁን፤ ዱአ ተደርጎ ሁለቱ ቤት ቂም ላይዝ ተማማለ። እኔም ማልኩ። አባቴ ምሎ ኖረበት። እኔ ምዬ ዋሸሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር፣ አያ ይመር ጎንበስ ብለው ጤፍ ማጨድ አቃታቸውና እንድሪስን ላኩብኝ። ሄድኩ። እንደማደርገው ጠየቅኋቸው፤ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያቆም። ከወገባቸው ተነስቶ በቀኝ እግራቸው እንደ እሳት እንደሚወርድ፣ የእግራቸው አውራ ጣት ከደነዘዘ ወር እንዳለፈው ነገሩኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ መመለስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ሆስፒታል ውሰዷቸው ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን አወለቅሁ።

እንድሪስ በደንብ ርገጠው፣ ሁለተኛ ሊያገባ ነው ብሎ ቀለደ። እትዬ ዘምዘም ለእኔስ መች ቀና ብሎ ቆመ አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

አያ ይመር ፊታቸውን ከአጎዛው ሳያነሱ፣ «አብሽር የኔ ልጅ» አሉኝ። «የታደሰ ልጅ እግር አይከፋብኝም።»

ታደሰ አባቴ ነው። እሳቸው እምነታቸውን ነገሩኝ። እኔ የሰማሁት የአባቴን ስም በእሳቸው አፍ ነው።

መጀመሪያ በደንቡ ረገጥኩ፤ ከትከሻ ወደ ታች፣ በእግሬ መዳፍ፣ በቀስታ። ከዚያ አጥንቶቹን በእግሬ አውራ ጣት ቆጠርኩ። ተረከዜን በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል አሳረፍኩና ክብደቴን በሙሉ ጣልኩበት። ጮኹ። «በቃኝ» አሉ። እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ገና ነው» አልኩት።

ተረከዜን አንስቼ መልሼ ሰነዘርኩ። «በቃኝ፣ በአላህ» አሉ። ገና ነው አልኩ። እንድሪስ አጥብቆ ያዘ፤ ሙሉጌታም አጥብቆ ያዘ፤ እትዬ ዘምዘም ሊወጣልህ ነው፣ ቻለው እያሉ የባላቸውን ራስ ይዳብሱ ነበር። በሦስተኛው ዘልዬ አረፍኩባቸው። ከተረከዜ ሥር አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ጩኸታቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ያኔ በቃ አልኩ።

እግሬ አመለጠኝ ልበል? እግር ሦስት ጊዜ አያመልጥም። ንዴት ዓይኔን ጋረደኝ ልበል? ዓይኑ የተጋረደ ሰው አጥንት አይቆጥርም። እኔ ቆጥሬያለሁ። ወንድማቸውን እጅ፣ ጓደኛዬን እግር አስይዤ፣ ሚስታቸውን ራስ አስይዤ፣ እኔ ሰበርኳቸው። አያ ይመር አባቴን የመቱት ፊት ለፊት ነው፤ አባቴም እጁ ነፃ ነበር።

ሲነሱ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሚኒባስ ወለል ላይ አስተኝተው ደሴ ወሰዷቸው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ነርቩን ተጭኖታል ተባለ። ሐኪሙ ማን ረገጣቸው ብሎ ሲጠይቅ፣ እንድሪስ የረገጣቸው ልጅ አዋቂ ነው፣ ሕመሙ ቀድሞም የከፋ ነበር ብሎ ተሟገተልኝ። ዛሬም ያን እግር እየጎተቱ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አጨዳ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ረግጬ አላውቅም። አንድ ቀን እየዘለልኩ ወደ አያ ይመር ቤት እሄዳለሁ። በጎን ሲተኙ በጉልበታቸው መካከል ትራስ እንዲያደርጉ፣ ሲነሱ በጎን ተንከባለው በክንዳቸው እየተደገፉ እንዲነሱ፣ ሙሉ ቀን ከመተኛት ትንሽ ትንሽ እንዲራመዱ አሳየኋቸው። ወገባቸውን በሞቀ ጨርቅ እይዝላቸዋለሁ። ሕመሙ ቀለል ብሏል፤ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። «አላህ እግርህን ይባርከው» ይሉኛል። እግሬን። እኔም አሜን እላለሁ። ያ አሜን ከረገጣው ያንሳል? አያንስም። ካሣ እየከፈልኩ አይደለም፤ ምርቃት እየሰረቅሁ ነው።

ነገ ወደ እሳቸው የመሄጃዬ ቀን ነው። ጨርቁን ከማሞቄ በፊት ይህን ወረቀት አነብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን ልርገጥ አልርገጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ እርቅ ያፈረሰ ሰው እርቅ የሚለምንበት አፍ የለውም።

እትዬ ዘምዘም፣ እንድሪስ፣ ሙሉጌታ፤ ወረቀቱን ለእናንተም እሰጣለሁ። እኔ ከላይ ስለቆምኩ የአያ ይመርን ፊት አላየሁም። ጩኸታቸው ሲቆረጥ ፊታቸው ምን እንደሆነ፣ ከንፈራቸው ቃል አውጥቶ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። «በቃኝ» ያሉትን ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የበለጠ ከሰማችሁ ቁጥሩን አርሙ። ያያችሁትን ሁሉ ጨምሩበት። ለእኔ አዝናችሁ ምንም አትቀንሱ።