በዳዴ የተሻገርኩት ድልድይ

ያ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ልሸኘው በጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር አብረን ሄድን። በሀዋሳ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ተጀምሮ ነበር። እስኪያልፍ ድረስ ከወንዙ ማዶ፣ በቆሎ ማሳ መሃል ባለች የአክስታችን ጎጆ ሊደበቅ ነው። የእኔ ዕድሜ ገና ለውትድርና አልደረሰም ነበር።

አልቸኮልንም። ጉማሬ ረግጦት ያለፈውን ሸምበቆ አሳየኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ጭቃው ላይ ቆመዋል።

ድልድዩ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ፣ ለእግረኛ ብቻ የሚሆን፣ አሮጌ ነው። ብዙው ጣውላ ወልቋል። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ተሻገረ። እኔ መሃሉ ላይ ስደርስ በጣውላው ክፍተት ውሃውን አየሁ። በዳዴ ሄድኩ።

«ቀና በል እንጂ፤ ጉሬዛዎቹ እያዩህ ነው» አለኝ፣ ዛፉ ላይ ወዳሉት እየጠቆመ።

ልብስ የሚያጥቡ ልጃገረዶች ሳቁ። አንዷ የክፍሌ ልጅ ነበረች።

ደህና ሁን አላልኩትም። በቆሎው ውስጥ ሲገባ ጠብቄ ተመለስኩ። አሁንም በዳዴ።

አስፋልቱ ጋ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ አገኘኝ። ጎረቤታችን ነው።

«ጎረምሳው ወንድምህስ የት ገባ?»

«ማዶ፣ አክስቴ ጋ።»

ሳይመሽ ይዘውት መጡ። ለእናቴ፣ ውሸት ኃጢአት ስለሆነ ነው የተናገርኩት አልኳት። እኛ ጴንጤዎች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን ስንጸልይ እንኳ፣ ልጅ እንዳይዋሽ ይነገረው ነበር። እናቴ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችኝም። «ይሄ ልጅ መዋሸት አይችልም» አለች። ወንድሜ ከግንባር ስላልተመለሰ እስከ ዛሬ የሚያጽናኑኝ በዚሁ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ፣ ጎረቤታችን ሲጠይቀኝ... ኃጢአት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የልጅቷ ሳቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቆጮና ጎመን በሳህን አድርጋ ሰጠችኝ። ወጣቶቹን ወደሰበሰቡበት ግቢ ወሰድኩለት። ሳህኑን በአጥሩ ሽቦ ስር አሳለፍኩለት። ቁጭ ብሎ በላ።

«ማን ይሆን የነገራቸው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እሺ፣ ስትመለስስ? ድልድዩን ቆመህ ተሻገርክ?»

«ቆሜ።»

«ጎበዝ» አለኝ። ደስ ብሎት ነው ያለኝ። ሳህኑን በሽቦው ስር መለሰልኝ፤ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።