ሦስት ኪኒን በአንድ ሱሁር

በረመዳን አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቴ ዘሀራ ካርቱም ውስጥ አል-ጣኢፍ በሚባለው የባለጸጎች ሠፈር ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት፣ ኩሽናው ወለል ላይ ወደቀች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቄ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

እስከ ዛሬ ድረስ ያረጀ መድኃኒት ሲሸተኝ መስኮት እከፍታለሁ። የፋርማሲን ንጹሕ ሽታ ማለቴ አይደለም። የተከፈተ የሳል ሽሮፕ፣ ሽፋኑ የቀለጠ ኪኒን፣ ተጨምቆ ያለቀ ቅባትና የሴት ሽቶ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ታፍነው በካርቱም ሙቀት ለሳምንታት ሲከርሙ የሚያወጡት፣ ጣፋጭ ሆኖ የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለ። የልጅነት ቤቴ የሚሸተው እሱን ነበር።

የምንኖረው ከካርቱም ወንዝ ማዶ ባለችው ባሕሪ ውስጥ፣ ከወሎ የመጡ ሴቶች ክፍል ክፍል ተከራይተው በሚያድሩበት፣ እንደ ሠፈሩ ሰው ሆሽ እያልን በምንጠራው ሰፊ ግቢ ነበር። አባቴ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ፣ ወደ ፖርት ሱዳን እየተመላለሰ የወሩን አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፍ ነበር። እናቴ በየማለዳው ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድበት፣ ሃፍላ በሚባለው አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግራ፣ አል-ጣኢፍ ወርዳ፣ ስታጥብ፣ ስትወለውልና ስታበስል ውላ፣ ለዓይን ሲይዝ ትመለስ ነበር። አሠሪዋን ማዳም ነበር የምንላት፤ ስሟን በቤታችን ያነሣ ሰው ትዝ አይለኝም።

በብርዱ ወራት፣ የሰሜኑ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲመጣና ሴቶቹ ልብስ በልብስ ደርበው ሲወጡ፣ እናቴን ማጅራቷን ያማት ጀመር። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ሥራ ትሄድ ነበር። ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተለካች፣ ደም ብዛት እንዳለባት ተነገራት፣ ነርሱም አሥር ኪኒን የታሸጉበትን፣ እዚያ ሸሪጥ የሚባለውን ማሸጊያ አንድ አንሥቶ ሰጣትና «በቀን አንድ፣ በየቀኑ፣ ቢያምሽም ባያምሽም፤ ሲያልቅ ተመልሰሽ ነይ» ብሎ አሰናበታት። ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ስለነበረ ከዚህ በላይ አልተናገረም።

ማታውኑ ጎረቤታችን ኸዲጃ ወሬውን ሰማች። ኸዲጃ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ከእናቴ ቀድማ ካርቱም የገባች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች።

«ደም በዛብሽ?» አለቻት እናቴን ከላይ እስከ ታች እያየቻት። «እቴ፣ ሥጋ የምትቀምሺው ለዒድ ነው፤ ደሙ ከየት መጥቶ ነው የሚበዛው? ይልቅ ለኔ ቀድተሽ ስጪኝ፣ እኔ ጠውልጌያለሁ!»

ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች፣ ኪኒኑን ግን ነርሱ እንዳለው አልወሰደችም። ማጅራቷን ሲይዛት ትውጥ ነበር፣ ሲለቃት ትተው ነበር፣ እንግዳ የሚመጣ ቀን «ዛሬ ሥራ ይበዛል» ብላ አስቀድማ ትውጥ ነበር። ደም ብዛት ምንም ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ መድኃኒቱ የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ እንደሆነ የነገራት አልነበረም። ብትጠይቅ ይነግሯት ይሆናል። አልጠየቀችም።

በጋው ሲገባ፣ ቆርቆሮው በቀን የማይነካ ሲሆንና አልጋ አውጥተን ግቢ ውስጥ መተኛት ስንጀምር፣ የከረጢቱ ወቅት ይመጣ ነበር። ማዳም ለጉዞ ከመነሣቷ በፊት ቁም ሣጥኖቿን ታስጠርግ ነበርና፣ ያረጀ ልብሷን፣ ተረከዙ የጎበጠ ጫማዋንና የተረፈ መድኃኒቷን በአንድ ከረጢት ጠቅጥቃ ለእናቴ ትሰጣት ነበር። በአል-ጣኢፍ ይህ እንደ ደግነት ይቆጠር ነበር፤ የግቢያችን ሴቶች በሙሉ ከየማዳማቸው ከረጢት ይዘው ይመጡ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሰሌን ላይ ሁሉንም ዘርግፈው ይካፈሉ ነበር። ነጩ ለራስ ምታት፣ ቀዩ ለደም ማነስ፣ ቢጫው ለጨጓራ፤ በቀለም ነበር የሚያከፋፍሉት፣ አከፋፋይዋም ኸዲጃ ነበረች። ፀጉር የተጣበቀበት ኪኒን ሲወጣ ምራቋን ጣል አድርጋበት በልብሷ ጫፍ ትወለውለው ነበር። ሽሮፑ አፍ ላይ የሰጠሙትን ጉንዳኖች በጣቷ ጠርጋ ክዳኑን ትገጥም ነበር። እናቴ ለሁለት የምትካፈለውን በጥርሷ ገምጣ፣ እርጥቡን ግማሽ ለጎረቤት ታቀብል ነበር። የሳጥኖቹን ዐረብኛ የማነብላቸው ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ስለነበርኩ፣ መካከላቸው ቁጭ ብዬ ያንን ሁሉ አያለሁ፣ አሸታለሁም። ከሁሉ በላይ የሚቀፈኝ ግን ከረጢቱ አልነበረም። እናቴ ሲሰጣት ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አላህ ይጨምርልሽ» የምትለው ነበር።

የዚያን ዓመት ረመዳን የዋለው በሙቀቱ ወራት ነበር። እናቴ ሌሊት ተነሥታ ሱሁር በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ እሳት ፊት ቆማ የማዳምን የማፍጠሪያ ምግብ ትሠራ ነበር። ትምህርት በጊዜ ስለሚለቅ እኔም ሃፍላ ተሳፍሬ አል-ጣኢፍ እሄድና አግዛት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሸሪጧ አለቀ። ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትሰለፍ ማዳም የምታርፍበት ቀን አልሰጠቻትም፤ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ዋለች። በሦስተኛው ዋዜማ ግን ከማዳም ከረጢት መጣ፣ ከውስጡም ያልተነካ ሸሪጥ ተገኘ።

«አንብቢልኝ እስቲ ሰልምዬ፤ የኔው ነው?»

አነበብኩ። ስሙ ያው ነበር። ከስሙ ቀጥሎ አሥር የሚል ቁጥር ነበረ። የእሷ ባዶ ሸሪጥ ላይ አምስት ይል ነበር። ልዩነቱን አይቻለሁ። አሥር ያለው የኪኒኖቹን ብዛት መስሎኝ አልነገርኳትም።

«የአንቺው ነው፣ እማ።»

በሱሁር ሰዓት ሸሪጡን አወጣች። ሙስሊም የሆነ ሰው ያመለጠው ጾም ካለ በሌላ ቀን ተክቶ ይጾመዋል፣ ቀዳ ያወጣል። እናቴ በሕይወቷ ያደረ ቀዳ ኖሯት አያውቅም።

«ሁለት ቀን አምልጦኛል» አለች። «የሁለቱን ቀዳ ላውጣ፣ የዛሬው ሲጨመር ሦስት።»

«አንቺ ደሞ ለኪኒንም ቀዳ?» አለች ኸዲጃ ቴምር እያኘከች። «የኔን የሶላት ቀዳ ብታወጪልኝ ይሻል ነበር!»

እናቴ ሳቀች፣ ቢስሚላህ ብላ ሦስቱንም በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጠች። ነርሱ ያዘዘላት ለአንድ ቀን አምስት ሚሊግራም ነበር። የዋጠችው ሠላሳ ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስትወድቅ ድስቱን አልጣለችውም፤ መጀመሪያ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተንሸራተተች። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ከልብሷ ጫፍ ቋጠሮ ሸሪጡ ወጥቶ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት አየሁና አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ማዳም ጩኸቴን ሰምታ መጣች፣ በመጀመሪያ ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ ሹፌሯን ጠራች፣ «ያላ፣ ያላ፣ እንግዶቼ ይመጣሉ» እያለች እናቴንና እኔን መኪና ውስጥ አስገቡን። መኪናዋ ውስጥ ሽቶ ረጨች። እናቴ ጭኔ ላይ ራሷን ጥላ ላብ ያሰጥማታል፣ ማዳም ሽቶ ትረጫለች።

መንገድ ላይ ከፊት ወንበር ዞራ «ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ሐኪም ሲጠይቅሽ ጾም ነው ያደከማት በይ። ከኔ ቤት መድኃኒት ወሰደች ካልሽ ሌባ ነው የሚሏት። የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ በኔ እጅ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ሱዳናዊት ሐኪም ነበረች፤ ሁሉም ዶክቶራ ይሏታል። የእናቴን ክንድ ጠቅልላ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ «ሰባ በአርባ» ብላ ለነርሷ ነገረቻት። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የነርሷን ፊት አይቼ ግን ገባኝ።

«ምን መድኃኒት ትወስዳለች?»

«ጾም ነው ያደከማት» አልኩ።

ማዳም ባለ ቀለበት እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ዳበሰችኝ። እስከ ዛሬ ከነካኝ እጅ ሁሉ እንደዚያ ያስጠላኝ የለም፤ የነካው ግን ውሸቴን ነበር።

ዶክቶራዋ ቁና ቁና የምትተነፍሰውን እናቴን ትታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ጾም ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ ልጄ። ምን እንደዋጠች ካላወቅኩ ምን እንደምሰጣት አላውቅም።»

ሸሪጡን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሦስት ቀዳዳ ባዶ ነበር።

«አሥር ነው ይሄ! የታዘዘላት ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ሦስቱንም ዛሬ ነው የዋጠችው?»

«በሱሁር። የሁለቱ ቀዳ ነው።»

«ቀዳ?» አለችና አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሰው እየጠራች ሮጠች። ማዳም «እነዚህ ሰዎች ሲሰርቁ እንኳ አያውቁበትም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለኮሪደሩ። የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ከመባሉ በፊት ሄደች።

እናቴ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ቱቦ በቱቦ ሆና ተኛች። ዓይኗን በደንብ ስትገልጥ ስለ ማዳም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ሌባ ተባልኩ?»

«አዎ፣ እማ።»

«ኢቃማዬስ?»

«እሷ ጋ ነው።»

ዶክቶራዋ ከሥራዋ ሰዓት ቀንሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ማንም ያልነገረንን ነገረችን።

«መድኃኒት ቀዳ የለውም፣ ኻልቲ» አለቻት፤ ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው።

«ጾም ሲያመልጠኝ እተካለሁ፣ ሶላት ሲያመልጠኝ እተካለሁ» አለች እናቴ። «ኪኒን ከሶላት ይበልጣል?»

«አይበልጥም። ሶላቱን አላህ ይቀበልሻል፤ ሦስት ኪኒን በአንዴ ግን ልብሽ አይቀበልሽም። ረስተሽ በዚያው ቀን ካስታወስሽ ዋጪው። ቀኑ ካለፈ አለፈ፤ በማግስቱ ያው አንድ ነው። ደህና ነኝ ብለሽም አታቋርጪ፣ ደህና የሆንሽው በሱ ነው። ሳያልቅብሽ ነይ። ረመዳን ሳይገባ ደግሞ መጥተሽ አማክሪን፣ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። የሌላ ሰው መድኃኒት ግን፣ ስሙ አንድ ቢሆንም፣ በጭራሽ። የሌላ ሰው ጫማ ታደርጊያለሽ?»

እናቴ በዓይኗ ወደ አልጋው ሥር አመለከተች። «እሱም የማዳም ነው» አለች።

ዶክቶራዋ ሳቀች፣ ጫማውን አይታ ግን ሳቋን አቋረጠች።

ክረምቱ ሲገባና ግቢያችን በጎርፍ ጭቃ ሲሆን እናቴ ያለ ሥራ ነበረች። አባቴ አል-ጣኢፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ለምኖ ኢቃማዋን አስመለሰ፤ ደመወዟን ግን ማዳም አልሰጠችም። እናቴ ባሕሪ ውስጥ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥብ ጀመር። ኸዲጃ ለብዙ ጊዜ እኔን ስታይ «ምን አለበት ጾም ነው ብለሽ ብትጸኚ፣ እናትሽ እንደሆነ ትነሣ ነበር» ትለኝ ነበር። ትነሣ እንደነበር አላውቅም፤ ዶክቶራዋም እንደማታውቅ ነግራኛለች።

ዛሬ የምንኖረው ኦምዱርማን ነው። እናቴ አርጅታለች። ጦርነቱ መድኃኒት ቤቶችን በዘጋበት ጊዜ ኪኒኗን ለማግኘት ከተማውን አቋርጬ አውቃለሁ፤ ዘግይቼ ስመጣም ያለፉትን ቀናት ልተካ አላለችም፣ መጀመሪያ ተለክታ፣ ጠይቃ ነው የጀመረችው። ያኔ ነርስ ሲናገር መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ዛሬ ፋርማሲው ያልለመደችውን ሳጥን ሲሰጣት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እስኪገባት እየጠየቀች ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ ታስቆማለች። እኔ ያኔ ያየሁትን ቁጥር ዋጥኩ፤ ዛሬ ስለ እሷ ስጽፍ ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም።

ባለፈው ዓመት ወረቀቶቿን ሳስተካክል፣ ከሆስፒታሉ ስትወጣ የተሰጣትንና ማንም ሳያነበው በጨርቅ ተቋጥሮ የኖረውን ወረቀት አገኘሁ። ማኅተም አለው። ስሟ፣ የገባችበት ቀንና የወጣችበት ቀን በትክክል ተጽፏል። የሕመሙ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «በጾም የመጣ ድካም» ይላል። ዶክቶራዋ በዚያው ቀን የጻፈችው የመድኃኒት ማዘዣ አብሮት ተቋጥሮ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያየሁ። ፊርማዎቹ የአንድ ሰው አይደሉም፤ በወረቀቱ ላይ የማዳምን ቃል የጻፈው ሌላ እጅ ነው።