ቀጥቃጩ ጎረቤቴ ይግባኝ ያለ ጊዜ

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ከኮላ ድባ በኩል ወደ እኛ ወደ ኮሶዬ ወጣ። በነበሩበት መንደር የአንድ ሰው ልጅ ታሞ ሲሞት «ቡዳ በላው» ተባለና የቀጥቃጩን አጎት ጎጆ አቃጠሉ። ነገ የእኔ ነው ብሎ ሸሸ። ከርስቴ ጥግ፣ ከወንዙ ዳር፣ ቦታ ሰጠሁት። ማረሻ ሲሠራ እጁ ሸጋ ነው።

ጭቃ ሹማችን ግን አልወደደም።

«ማን መታህ?»

«እኔን እንኳ የነካኝ የለም፣ አያ።»

«ታዲያ ምን አሸሸህ? ተመለስ!»

የወረዳው ዳኛም ይህንኑ አጸና። ቀጥቃጩ ይግባኝ ብሎ ነገሩ ጎንደር ደረሰ። በእነሱ ወግ ሴት የምትወልደው ከቤት ርቃ በአራስ ጎጆ ነውና፣ ጎጆዋን ቀልሶ ጨርሷል። ከተባረሩ ግን ሚስቱ መንገድ ላይ መውለዷ ነው። ያ ነበር እንቅልፍ የነሣው። የእኔዋ ሚስት «አንተ ሂድና መስክርለት፣ እሷን እኔ አያታለሁ» አለችኝ።

የጎንደሩ ዳኛ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ።

ጭቃ ሹሙ ቀርቦ «ጌታዬ፣ የተቃጠለው የአጎቱ ነው። የእሱን ጎጆ ማንም አልነካ» አለ።

«አጎትየው ምን አጥፍቶ?»

«ኧረ ምንም። ቀጥቃጭ ነው ብለው ነው እንጂ።»

«ይሄስ ሰው ምንድን ነው?»

ጭቃ ሹሙ ኮቱን ጎተት ጎተት አደረገ። «እሱማ... ቀጥቃጭ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። የወረዳው ፍርድ መፍረሱን ተናገሩ፤ ጭቃ ሹሙ ነገሩን እንደገና ይየው፣ እስኪያይም ሰውየው ከተቀመጠበት አይነቃነቅ አሉ።

እኔ ከደጅ እንደወጣን በደስታ እቅፍ አደረግሁት። በእነሱ ወግ ባዕድ የነካው ሰው ሳይታጠብ ሰፈሩ እንደማይገባ አውቅ ነበር፤ ደስታው አስረሳኝ።

«ምነው! ምነው ነካኸኝ?» አለ እየሳቀ። «በዚህ ብርድ የኮሶዬ ወንዝ ልታስገባኝ ነው?»

ኮሶዬ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከቤቱ በፊት ወንዙ ውስጥ ገባ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ወዲህ ይሰማል። ያኔ ነው ከአራስ ጎጆዋ የሕፃን ልቅሶ የመጣው። ሚስቴ የገንፎውን ሳህን በሩ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ወጋቸው ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ሴት ናት!» ብላ ጮኸች። «እናቲቱም ደህና ናት!»

ጭቃ ሹሙ ከኋላችን በበቅሎው ደርሶ ቆመ። ልቅሶውን ሰምቶ ወደ አራስ ጎጆዋ አየ።

«እንደገና እየው ተብዬ የለ? እንግዲህ አየሁት» አለኝ። «ይችኛዋ እዚሁ ተወለደች፣ ወዴት ተመለሽ እላታለሁ? ይቀመጡ። ደግሞ ማረሻዬ ዶልዱሟል፣ ንገረው።»

ነገርሁት። አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደ ጎጆዋ ያያል። የሰማኝም አልመሰለኝ።

«ኧረ ውጣ አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቴ። «ልጅህን ሳታይ ብርድ ሊገልህ ነው!»