ሰዓቱ የተሰቀለበት ማዕዘን

ቬልማ ክራትስ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ ስትይዝ ኖራለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራዋ ነበር። በስትራውማን መደብር ጓንት ትሸጥ ነበር። ጓንት ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ከመደርደሪያ ላይ ላጥ ተደርጎ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ደንበኛዋ ክርኗን ባንኮኒው ላይ ካለችው ትንሽ ትራስ ላይ ታሳርፋለች፤ ቬልማ ጓንቱ ውስጥ ዱቄት ነስነስ ታደርግና በዝግታ፣ ጣት በጣት ታለብሳታለች። ሚልበርን ውስጥ ቬልማ እጁን ያልነካችው ሰው ቢኖር እጁን ከኪሱ የማያወጣ ሰው ብቻ ነው።

መደብሩ ከመንገድ እስከ መንገድ ያለውን ቦታ በሙሉ የያዘ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። አንዱ ማዕዘኑ ዋናው መንገድ ላይ፣ ሌላው ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ። በዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ ትልቅ የነሐስ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ሚልበርን ውስጥ ሰው ከሰው ሲቀጣጠር «ከሰዓቱ ሥር» ይላል፣ አለቀ። የትኛው ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እኛም እንደዚያ ያለውን ሰው በአዘኔታ እናየዋለን። ይህ ኩራታችን ምን እንዳደረሰብን ወደ በኋላ ትሰማላችሁ።

ከዚያ ፍንዳታው መጣ። ከዋናው መንገድ ሥር የሚያልፈው የጋዝ ቧንቧ አንድ የፀደይ እሑድ ጠዋት ፈነዳና የመደብሩን የፊት ግድግዳ ሰነጣጠቀው። እግዜር ሲጠብቅ ሁሉም ሰው ቤተክርስቲያን ነበር፤ ከዘበኛው አንድ ጆሮ በቀር የተጎዳ የለም። ግን የሴቶች ክፍል ዕቃ በሙሉ ወደ ሰማይ ሄደ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ የወገብ ማጥበቂያው፣ የእግር ሹራቡ፣ የሌሊት ልብሱ ከዛፉም ከስልክ ሽቦውም ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀው። ቄሱ ቀና ብለው አዩና ቶሎ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ዛሬ ሚልበርን ውስጥ «ያን ቀን ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ልክ እዚያ ጋ ቆሜ ነበር» የማይል ሽማግሌ የለም። ሁሉም እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ያ መንገድ ያን ሁሉ ሰው ባልቻለው ነበር።

የተሰነጠቀው ግድግዳ በጣውላ ተሸፈነ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበርና የመደብሩ ባለቤት ሽማግሌው ስትራውማን ለጊዜው ብለው በወንዙ በኩል ባለው ማዕዘን ሰቀሉት። ለጊዜው ያሉት በዚያው ቀረ። ኋላ አውራ ጎዳናው ዳር ትልቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተ፣ ሰዉም መኪናውን እየነዳ ወደዚያ ነጎደ፣ ስትራውማን ተዘጋ፣ ሕንፃውም ፈረሰ። ዛሬ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰዓቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ በዚያው ፍንዳታው በደረሰበት ፀደይ ቬልማ አንድ ወዳጅ ነበራት። ኤልዉድ ሳይፈርት ይባላል፤ በወንዙ ላይ የድንጋይ ከሰል በሚጭን ጀልባ የሚሠራ ሳቂታ ልጅ። ፍንዳታው ሲደርስ እሱ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሄዶ ነበር። ከአንድ ወደብ ስልክ ደወለና ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ከሰዓቱ ሥር ጠብቂኝ፣ ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ አላት። ምን እንደሚጠይቃት የማይገባት ጅል አልነበረችም። ቅዳሜ ነጭ ጓንቷን አድርጋ ከሰዓቱ ሥር ቆመች። እስኪመሽ ቆመች። አልመጣም።

ለማንም አልተናገረችም። ከዓመት በኋላ ገስ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አገባች፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሲያስቃት ኖሮ በሰላም አረፈ። ስለዚህ ቬልማን የተከፋች ሴት አድርጋችሁ አታስቧት። ብቻ ያ ሰው ለምን እንደናቃት አልገባትም፤ ያች ቅዳሜ ትዝ ባለቻት ቁጥር ዛሬም ፊቷ ይቀላል።

በወር አንዴ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት የድሮ ትዝታ የሚወራበት ማዕድ አለ። ሁሉም ከቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ከተበላ በኋላ በተራ በተራ ይወራል። መቼም ስለ ስትራውማንና ስለ ፍንዳታው ነው። አንድ ጊዜ ፍንዳታው ከመዝሙሩ በፊት ነው በኋላ በሚል ሁለት ሽማግሌዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። የሰው ትዝታ አይታረምም፤ ያረመ ለሚቀጥለው ወር ፓይ የሚባለውን የፍራፍሬ ኬክ ጋግሮ ያመጣል።

ባለፈው መስከረም አንድ አዲስ ሽማግሌ ከሴት ልጁ ጋር መጣ። የቬልማ ጓደኛ ኔቲ በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ጠጉር ያለው ወንድ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው ብላ አንሾካሾከች። ሰውየው ተነስቶ ስሙን ሲናገር የቬልማ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

ኤልዉድ ሚስቱ ሞታበት ከልጁ ጋር ሊኖር መመለሱን ነገራቸው። ቬልማን አላወቃትም። ከዚያ ትዝታውን ጀመረ፤ ወሬ ያውቅበታል። በፍንዳታው ሰሞን ከጀልባ ወርዶ አንዲት ልጅ ሊያገባ ሲበር እንደመጣ፣ ማዕዘኑ በጣውላ ተሸፍኖ ሰዓቱ ሲጠፋ ለጥገና አውርደውት ነው ብሎ ጣውላውን ተደግፎ እንደቆመ አወራ። ማታ መደብሩ ሲዘጋ የወጡት ሻጮች እያዩት ሳቁ፤ እሷ ግን ብቅ አላለችም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ታድርግ» አለ ሲጨርስ። «እኔ ከሰል ከሰል የምሸት ሰው ነበርኩ። እሷ ደግሞ የእመቤቶችን እጅ የምትይዝ ልጅ ናት። አልፈረድኩባትም።»

ቬልማ ዝም ብትል ነገሩ እንደ ቀልድ ያልፋል። ቤቷ ትሄዳለች፣ የገስን ፎቶ ደህና እደር ትለዋለች፣ ትተኛለች። ግን ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጠረኑን ተጸይፋ የቀረች ሴት ይዞ ኖሯል። ያቺ ሴት ደግሞ እሷ ናት! ይህን መቻል አቃታትና ተነሳች።

«ሰዓቱ እዚያ አልነበረም» አለች።

ኔቲ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት። ከኋላ «ፓይ! ፓይ!» የሚል ጩኸት ተነሳ።

«አመጣለሁ፣ ፓይ አይገድም። ሰዓቱን ወደ ወንዙ ማዕዘን አዛውረውት ነበር። እኔ ከሥሩ ቆሜ ነበር፣ ኤልዉድ። እስኪመሽ።»

ኤልዉድ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ቬልማ? ግራጫ ጓንት አድርገሽ?»

«ነጭ።»

«ሁለት ፓይ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም በአንዴ ሳቀ። እሷ ግን እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ሊለያዩ ሲሉ በር ላይ ልጁ የመኪናውን ቁልፍ እያቅጨለጨለች ስትጠብቀው፣ ኤልዉድ ነገ እኩለ ቀን ከሰዓቱ ሥር እንገናኝ አላት። እሺ አለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ከሁለት አንዳቸው የትኛው ማዕዘን ብለው አልጠየቁም። ሚልበርኖች ነና!

በማግስቱ ኔቲ ደውላ የት ጋ እንደሆነ ጠይቂው እንጂ ብትላት ቬልማ ተቆጣች። እንደ እንግዳ? ደግሞ አስባበታለች። ያን ጊዜ ከሰዓቱ ሥር በትክክል የቆመችው እሷ ናት፤ ያለ ጥፋቱ በባዶ ጣውላ ሥር ቆሞ የተሳቀበት እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ እሷ ወደ እሱ ማዕዘን ትሄዳለች። ወሰነች፣ ሄደች፣ በዋናው መንገድ ዳር ከመብራቱ ምሰሶ አጠገብ ቆመች።

እኩለ ቀን ሆነ። የቤተክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ኤልዉድ የለም። አሁንስ አበዛሁት አለች በልቧ፣ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ መዋረድ! ዞር ስትል ከመኪናዎቹ ባሻገር፣ በወንዙ በኩል ባለው ማዕዘን፣ አንድ ሽማግሌ አበባ ይዞ መንገዱን ግራ ቀኝ ያያል። እሱም በበኩሉ አስቦ፣ አዝኖላት፣ ወደ እሷ ማዕዘን ሄዶ ነበር።

በመካከላቸው ሕንፃ የለም። አምስት ፎቅ የጨርቅ፣ የሽቶና የጫማ ግንብ የለም፤ የቆሙ መኪናዎች ብቻ ናቸው፣ ከዚህ እስከዚያ ጥርት ብሎ ይታያል። ኤልዉድም አያት። ባርኔጣውን አውልቆ እያውለበለበ ወደ እሷ መሄድ ጀመረ፤ እሷም ጀመረች። ወዲያው ደግሞ በመኪናዎቹ መሃል እንዳይጠፋፉ ፈራችና ቆመች።

«አንተ ሰው፣ እዚያው ቁም!» ብላ ጮኸችበት። «ንቅንቅ እንዳትል! መጣሁ!»

ኤልዉድ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቬልማም ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል በስትራውማን መሃል አቋርጣ ሄደች።