ሦስተኛው ቅንፍ

አባቴ ሀዋሳ ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሲዳምኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሲዳምኛውን የለመደው ከእናቴ ነው። ቃሉን ይጠይቃታል፣ ትርጉሙን ይጽፋል፣ እሷ ደግሞ ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ትሰጠዋለች። የምትሰጠው ሁሉ ግን ወይ ስድብ ወይ ሐሜት ነበር። «ሰነፍ» ለሚለው ቃል የገዛ ወንድሟን አነሣችበት።

እኔ ያኔ በሒሳብ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩ ሥራ ፈት ነኝ። መጽሐፉን በላቴክ፣ ጽሑፍን በትእዛዝ ለኅትመት በሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ ላዘጋጅልህ አልኩት። አንዲት አጭር ትእዛዝም ሠራሁለት። ሦስት ቅንፍ ትቀበላለች፤ ለቃሉ፣ ለትርጉሙ፣ ለእናቴ ዓረፍተ ነገር። እሱ ሲዳምኛውን በላቲን፣ አማርኛውን በግዕዝ፣ በሁለት ጣቱ ፊደል እየፈለገ ይጽፋል።

ኤም ፊደል ላይ ሲደርሱ እናቴ ሞተች።

ለቀስተኛው ሲበተን አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ መጽሐፉን በእጁ መያዝ ፈለገ፤ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

ረቂቁን እዚያው ሀዋሳ ፒያሳ አሳትሜ ከአባቴ ጋር ስናየው የኋለኛው ግማሽ ድብልቅልቁ ወጥቷል። በእናቴ ምሳሌ ቦታ ቀጣዩ ቃል በዘመመ ፊደል ገብቶ ተቀምጧል፣ በሱ ምሳሌ ቦታ ደግሞ ሌላው። ፕሮግራሙ ስህተት አለ እንኳ አላለኝም፤ የበገንኩት ለዚህ ነው። ያቺን ትእዛዝ ስፈትሽ ዋልኩ። መብራት ሲሄድ እሳደባለሁ፣ ሲመጣ እቀጥላለሁ። በመጨረሻ የአባቴን ጽሑፍ ስከፍት ገባኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሦስተኛውን ቅንፍ ትቶታል። ያቺ ትእዛዝ ደግሞ ሦስት ካልተሰጣት ከፊቷ ያገኘችውን ታነሣለች።

«አባዬ፣ ምሳሌ ከሌለህ ባዶ ቅንፍ አድርግ እንጂ!» አልኩት።

«ባዶ ሳህን ሰው ፊት ይቀርባል?»

«ታዲያ ራስህ ሙላው።»

«የሷን እኔ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ተውኩት። ትእዛዟ ሦስተኛ ቅንፍ መኖሩን አስቀድማ እንድታይ፣ ከሌለ እንድታልፍ አድርጌ አስተካከልኳት። ሲሠራልኝ ጨፈርኩ፤ ያን ጭፈራዬን ዛሬም እጠላዋለሁ። አሳትሜ በባጃጅ ይዤለት በረርኩ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ገለጠ። ሁሉም ቃል ቦታ ቦታውን ይዟል። «ሚኔ»፣ ማለትም ቤት፣ በሚለው ሥር እናቴ «ቤቱ ያፈሳል፣ ባልየው ቃል ይለቅማል» ብላለች። አባቴ ሳቀ። ከዚያ በታች ቃል፣ ትርጉም፣ ነጭ ወረቀት። ቃል፣ ትርጉም፣ ነጭ ወረቀት። ቀጣዩን ገጽ ገለጠ፤ እንደዚያው ነው። ሌላም ገለጠ።

«ዝም አለች» አለ።

መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«በፊት እንደነበረው አድርግልኝ።»

«ተበላሽቶ እንደነበረው?»

«እሱን» አለኝ።