ዶሪን ፕሌቸር ከብረት ካምቢዮው ሥር

በኢንዲያና፣ በአውራጃችን የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ላይ፣ የመኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ምን ዓይነት እንደሆነ የጠፋበት ሰው ሁሉ ዶሪን ፕሌቸርን ይጠይቃል። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። እኔ ጎኗ ጠረጴዛ ዘርግቼ የፊት መብራት መስታወት እሸጣለሁ፤ ከምሸጠው ግን የማወራው ይበልጣል።

ባለመኪኖች መጽሐፍና ሰነድ ይዘው ይመጣሉ። ዶሪን አታይላቸውም። በጀርባዋ ተንጋላ ትገባና ከካምቢዮው ሥር ዘይት የሚይዘውን ኮፓ ትዳስሳለች፤ ቡሎኖቹን በጣቷ ትቆጥራለች፤ ከዚያ የካምቢዮውን ዓይነትና ዘመን ትናገራለች። ሰነድ ይዋሻል፣ ኮፓ አይዋሽም ትላለች። ከመግባቷ በፊት ከኋላ ጎማዎች ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ ትሸጉጣለች። ያለ ታኮ ገብታ አታውቅም።

ባለፈው መስከረም ግን ታኮዎቹን እኔ ተውሼ የጠረጴዛዬን እግር አስደግፌባቸው ነበር። ላይል ስታትስማን የሚባል ጡረታ የወጣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር፣ በዚያው ወር የገዛውን አረንጓዴና ክሬም መኪና አምጥቶ የፊት ጎማዎቹን የብረት መወጣጫ ላይ አወጣቸው። ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ሁላችንም ቸኩለናል። ዶሪን ታኮዎቹን ስትጠይቀኝ መስታወቱ ይወድቅብኛል፣ ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። ላይል ሳቀ።

«ማርሹን ፒ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ጎማው ተቆልፏል። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ አንድ አልገደልኩም፤ ባንቺ አልጀምርም።»

እሷም ሳቀችና ገባች።

ከሥር ሆና ጮክ ብላ መቁጠር ልማዷ ነው። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ መቁጠሩን አቆመች። እኔም ወሬዬን አቆምኩ።

«ላይል፣ እጅህን ከመኪናው ላይ አንሳ። ቀስ ብለህ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ይሄ የድሮው የብረት ካምቢዮ ነው። ፒ የሚባል ነገር የለውም።»

ገባኝ። የፊተኛው ባለቤት መሪውንና የማርሽ ዘንጉን ከኋለኛ ዘመን መኪና ነቅሎ ገጥሞታል። ፊደሉ አለ፤ ጎማውን የሚቆልፈው ብረት ግን ካምቢዮው ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበረበትም። የእጅ ፍሬኑስ አልኩት። ሽቦው ከገዛሁት ጀምሮ የተበጠሰ ነው አለ ላይል። መኪናውን ደረቷ ላይ እንዳይመጣ የያዘው የፊት ጎማዎቹ ያረፉበት የመወጣጫው ትንሽ ጎድጓዳ ብቻ ነበር።

ላይል የእግር ፍሬኑን ሊረግጥ በሩን ያዘ።

«እንዳትገባ» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ። «ከነቀነቅከው ይወርዳል።»

መወጣጫው ሲጥ አለ። ጠረጴዛዬን ገፍቼ ታኮዎቹን መነጨቅኩ፤ መስታወቱ ተንኮታኮተ። ስቸኩል የመጀመሪያውን ገልብጬ ሸጎጥኩትና እንደገና አወጣሁት። ሁለተኛውን ሳስገባ መኪናው የአንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ እንጨቱ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ጫማዋ፣ ከዚያ እሷ ወጣች።

ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ላይል ይቅርታ ሲደጋግምባት ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ነገረችው፤ ኮፓ ነው የማምነው ስትል ኖራ ፊደል አምና ገባች። እኔ ታኮዎቹን መከልከሌን አላነሳችብኝም። ያ ባሰብኝ።

ከኦሃዮ የመጣ ሰው ሰማያዊ መኪናውን ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። ታኮዎቹን ራሴ ሸጎጥኩ፣ በእግሬም መታኋቸው። ዶሪን ተንበርክካ ግማሽ ገባችና ተመልሳ ወጣች። ሁለተኛም እንደዚያው። በሦስተኛው ጠራችኝ።

«ጎማው ጋ ተቀምጠህ አውራልኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለፈለግከው። አንተ ተረጋግተህ ስታወራ ከሰማሁ መኪናው አልተነቃነቀም ማለት ነው።»

ዕድሜ ልኬን ወሬ አልቆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን የማወራው ጠፋብኝ። በመጨረሻ የተሰበሩትን መስታወቶች ከየትኛው መኪና እንደነቀልኳቸው አንድ በአንድ እነግራት ጀመር። ስቆም ከሥር «ቀጥል» ትለኛለች። ቀጠልኩ።